ሺህ ቃል በሦስት ወር

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው አገር ቃል ለአገሬ ሰው ሳቀብል ኖሬ ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጣሁ። በወረቀት ላይ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ፤ የመጨረሻዎቹን አሥራ ስምንት ዓመታት ግን ሰዋስውም ንባብም አላስተማርኩም። ያስተማርኩት ከባድ ቃላት ብቻ ነው፤ ተማሪ ከመዝገበ ቃላት አውጥቶ በደብተሩ ጠርዝ የሚጽፋቸውን፣ ለፈተናና ለቃለ መጠይቅ የሚሸመድዳቸውን፣ ሰው ሲሰማቸው "ይሄ ልጅ ተምሯል" የሚያሰኙትን። ጉርድ ሾላ ላይ "የቃላቱ ቲቸር" ብሎ የሚጠራኝ ሰው አሁንም አይጠፋም።

ለመውጣት ዕድሜዬም ደርሶ ነበር፤ ያስቸኮለኝ ግን ስልክ ነው። በመጨረሻው ዙር ዘጠኝ ተማሪዎች ነበሩኝ። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ "ዩቢኩተስ" ብዬ ጽፌ ላስረዳ ስዞር ዘጠኙም አንገታቸውን ደፍተዋል። አንዷ ቀና ብላ፣ "ቲቸር፣ በሁሉም ቦታ የሚገኝ ማለት ነው፤ አሥር ምሳሌም ሰጥቶኛል" አለችኝ። ስልኳን ተቀብዬ አየሁት። ምሳሌዎቹ ትክክል ነበሩ። የእኔ ምሳሌ "ጉርድ ሾላ ላይ ሰማያዊ ሚኒባስ ዩቢኩተስ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ይጠፋል" የሚል ነበር፤ ለዓመታት ተማሪ አስቄበታለሁ። በዚያን ቀን ሳልናገረው ቀረሁ። አልከፋኝም ብል ውሸት ይሆናል፤ ትንሽ ከፍቶኛል።

አሁን ቤት እውላለሁ። ጊዜ ያለው ሰው ያለፈውን ያገላብጣል፤ እኔም ሳገላብጥ አንድ ነገር ላይ እየደረስኩ እቆማለሁ። ዘሃራ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። የሚገባትን ሥራ በእኔ ምክንያት አጥታለች። የቀረውን የማወራው ወደዚያ እስክደርስ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ኮተቤ አካባቢ ባለ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ደሞዙን አላነሳም፤ በጊዜው መምህር የነበረ ያውቀዋል። አንድ ክፍል ሰባ ተማሪ፣ ለሦስት ልጅ አንድ መጽሐፍ። ቃላት የማስተምረው እኔም በተማርኩበት መንገድ ነበር፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው፣ መሀል ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር። ልጆቹ ገልብጠው ይሸመድዳሉ፣ ፈተና ላይ ይመልሳሉ፣ ከፈተና በኋላ ይረሱታል። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የሰሌዳዬን ንጽሕና አድንቆ ይሄዳል። ያንን ማስተማር ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ የወጣሁት አየር ማረፊያው አጠገብ አንድ ትንሽ የሥልጠና ማዕከል መምህር ሲፈልግ ነው። ተማሪዎቹ ሻንጣ ጫኝና አውራጆች፣ እንግዳ ተቀባዮች፣ የጥበቃ ሠራተኞች ነበሩ። የማዕከሉ ኃላፊ ጋሽ ይልማ ይባላሉ። አጭር፣ ክረምት ከበጋ የሱፍ ሰደርያ የማያወልቁ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ ሰው ናቸው። የሸሚዛቸው ኪስ ሁልጊዜ ያበጠ ነበር። ሲጋራ መስሎኝ ነበር፤ ካርድ ኖሯል። አዲስ ሸሚዝ ሲገዛ ውስጡ የሚገኘውን ካርቶን በመቀስ ቆራርጠው በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቃል ይጽፋሉ፤ ከቃሉ ሥር ደግሞ ሦስት መስመር።

በመጀመሪያው ሳምንት ቢሯቸው ጠርተው፣ "ፍሩጋል ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ቆጣቢ።"

"ስቲንጂ የሚለውስ?"

"ቋጣሪ።"

"ልዩነታቸው?"

"አንዱ ምስጋና፣ አንዱ ስድብ ነው" አልኩ፣ ጥሩ የመለስኩ መስሎኝ።

"እሱን መዝገበ ቃላቱም ይልሃል። ማን ለማን ነው የሚለው?" ራሳቸው መለሱት። "አንደኛውን ለአማትህ ፊት ለፊት ትነግራታለህ። ሁለተኛውን ግን ለሚስትህም ቢሆን በሩን ዘግተህ ነው።"

ሦስቱ መስመሮች እነዚህ ነበሩ። በመጀመሪያው ቃሉ ምን እንደሆነ፣ በአንድ ቃል ሳይሆን በሙሉ ዓረፍተ ነገር። በሁለተኛው ማን ለማን እንደሚለው። በሦስተኛው የት እንደማይባል። ለጋሽ ይልማ ብዙ ጊዜ የሚወስድባቸው ሦስተኛው ነው። አንዳንድ ካርድ ሁለቱ መስመር ተሞልቶ ሦስተኛው ባዶ ሆኖ ወር ይቆያል፤ እስኪሞላ ድረስ ቃሉ ወደ ክፍል አይገባም። እኔ መጀመሪያ ላይ ስንፍና መስሎኝ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ተማሪው ቃሉን በዚያው ቀን በደረሰበት ነገር ላይ ካልተጠቀመበት የአማርኛ ፍቺውን አይሰጡትም። "ኦብስቲኔት" የሚለውን ቃል ባስተማሩ ጊዜ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ከብዙ ማሰብ በኋላ ተነሥቶ፣ ለበዓል የገዛው በግ ኦብስቲኔት እንደነበረና ታክሲ አልገባም ብሎ ከላምበረት እስከ ቤቱ በእግር እንዳስኬደው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተናገረ። ክፍሉ ሳቀ። ጋሽ ይልማ ግን አልሳቁም፤ ካርዳቸውን አውጥተው በጉን ጻፉት። ያ ሰው "ግትር" የሚለውን ፍቺ ሳይሰማ ቃሉን ይዞት ወጣ።

አንድ ቀን ደግሞ የመንገደኞች መውጫው በር ላይ አንድ ሰዓት ቆሜ የምሰማውን ቃል ሁሉ ጽፌ እንድመጣ ላኩኝ። ይዤ የመጣሁት ዝርዝር አሳፈረኝ። ይቅርታ፣ ቆይ፣ የት፣ ተሰበረ፣ ነገ፣ የእኔ አይደለም፤ ከዚህ የዘለለ ነገር የለውም። አንድም ከባድ ቃል አልሰማሁም አልኳቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ "ሥራው ይኼ ነው" አሉኝ። "ከባዱን አትስጣቸው አላልኩም። የማይባልበትን ሳታውቅ አትስጣቸው ነው የምልህ። ቢላ ስታቀብል እጀታውን አይደል ወደ ሰው የምታዞረው?"

ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ከዚያ ሕንፃው ለዕቃ ማከማቻ ተፈለገና ማዕከሉ ተዘጋ። ጋሽ ይልማ ጡረታ ወጡ፣ እኔ ትንሽ እዚህም እዚያም ብዬ ወደ ጉርድ ሾላ መጣሁ።

የጉርድ ሾላው የግል ትምህርት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ከሥሩ ሞባይል ቤት፣ ከጎኑ የጥርስ ክሊኒክ። ባለቤቱ አቶ ግርማ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ የነበሩ፣ ቀልጣፋና የሰው ጠባይ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ክፉ አለቃ አልነበሩም። "መምህር፣ ቃል እንደ ብሎን ነው፤ በቁጥር ነው የሚሸጠው" ይሉኝ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ስመጣ በሕንፃው ፊት ባነር ተሰቅሏል። ሺህ ከባድ ቃል በሦስት ወር ይላል። ሳቅኩ። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን የክፍሌ ወንበር ሞላና ሳቄ ቆመ።

ሺህ ቃል በሦስት ወር በሦስት መስመር አይሆንም። መጀመሪያ ሦስተኛውን መስመር ተውኩ፤ ጊዜ የሚበላው እሱ ነበርና። ከጥቂት ወር በኋላ ሁለተኛውም ሄደ። በመጨረሻ ዞሬ ወደ ኮተቤው ዘዴ ገባሁ፤ በግራ ቃል፣ በቀኝ ፍቺ፣ መሀል መስመር። ሎኳሽየስ ለፍላፊ፣ ኢፈሜራል ውሎ የማያድር፣ ማግናኒመስ ሆደ ሰፊ። ይህንኑ በትንሽ መጽሐፍ መልክ አዘጋጀሁትና ከጀርባው ለቃለ መጠይቅ የሚሆኑ ሠላሳ የተዘጋጁ ዓረፍተ ነገሮች ጨመርኩበት። ስለ ጠንካራ ጎንህ ሲጠይቁህ ይህን በል፣ የተቆጣ ደንበኛ ሲመጣብህ ይህን በል። በእያንዳንዱ ውስጥ ሦስት አራት ከባድ ቃል ጠቅጥቄበታለሁ። ሽፋኑ አረንጓዴ ነው፤ ስሜ በትልቁ ተጽፎበታል። ከመገናኛ እስከ አያት ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሁሉ አባዝተው ይሸጡት ነበር። ስሜን በፎቶ ኮፒ ቤት መስኮት ሳይ ደስ ይለኝ እንደነበረ መደበቅ አልፈልግም።

አንዱን ለጋሽ ይልማ ካራ ያለው ቤታቸው ድረስ ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገለጡት።

"መስመሮቹስ?" አሉኝ።

"ጊዜ የለም፣ ጋሼ። ተማሪው የሚፈልገው ይሄን ነው።"

"ተማሪው የሚፈልገውን ተማሪው ያውቃል። አንተ የምታውቀውስ?"

መጽሐፉን አመስግነው ተቀበሉኝ፣ እስከ በር ሸኙኝ። ስመለስ ታክሲ ውስጥ ተናድጄ ነበር። ሰውዬው ቤት ሲውሉ ጊዜ ቀንተው ነው ብዬ አሰብኩ። ይህን ማሰቤ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ዘሃራ የመጣችው መጽሐፉ በደንብ በተሰራጨበት ጊዜ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። ቤተሰቦቿ ከወሎ መጥተው ላምበረት የሰፈሩ ናቸው፤ አባቷ አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ትኬት ይቆርጡ ነበር። እሳቸው እግራቸውን ሲታመሙ መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት፤ አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰች። ሁለቱን ታናናሾቿን በዚያ መስኮት አስተማረች። አየር ማረፊያው አካባቢ ያለ አንድ ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት በየሁለት ዓመቱ የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞች ይቀጥራል፤ የዕድሜ ጣሪያው ሃያ ስምንት ነው። "ዘንድሮ ካልሆነ አይሆንም፣ ቲቸር" አለችኝ ስትመዘገብ። "እነሱ ደርሰዋል። አሁን የእኔ ተራ ነው።"

በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ትናንት የዋለበትን በእንግሊዝኛ እንዲነግረኝ ጠየቅኩ። ዘሃራ ስለ አንድ የውጭ አገር መንገደኛ ተናገረች፤ ወደ ደሴ የሚሄድበት አውቶቡስ ተበላሽቶበት ሲጮህ ያገኘችውን። ያለችውን ወደ አማርኛ ብመልሰው እንዲህ ነው፤ አውቶቡስህ ተበላሽቷል። አዝናለሁ። ሌላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይመጣል። ወንበርህን ይዤልሃለሁ። ሻንጣህን እዚህ አስቀምጥ፣ እኔ አያለሁ። ሰውዬው ዝም ብሎ ተቀመጠ አለችን። እኔ በቀይ እስክሪብቶ በወረቀቷ ላይ የጻፍኩት፣ "የቃላት ክምችት ደካማ" የሚል ነው።

"እሺ፣ ቲቸር" አለች።

እንደሷ የሸመደደ ተማሪ አላየሁም። በትኬት ጉርዶች ጀርባ ላይ ቃላቱን እየጻፈች መንገደኛ በሌለ ሰዓት መስኮቱ ላይ ታጠናለች። በሦስተኛው ወር ሠላሳውንም ዓረፍተ ነገር አንድ ሳትስት ትለዋለች። አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። ስትመጣ ሳትፈራ ትናገር የነበረችው ልጅ፣ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር ለሌለው ጥያቄ ዝም ማለት ጀምራ ነበር። ጥንቃቄ ነው ብዬ አለፍኩት። ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማረ ሰው ይህን አይቶ ማለፍ አልነበረበትም።

የቃለ መጠይቁ ጊዜ ሲደርስ ድርጅቱ የቋንቋ ገምጋሚ እንዲላክለት ትምህርት ቤታችንን ጠየቀ፤ አቶ ግርማም እኔን ላኩኝ። የተፈታኞቹን ስም ያየሁት በዕለቱ ጠዋት ነው። አሥራ አንድ ነበሩ፤ ዘጠነኛዋ ዘሃራ ናት። ተማሪዬ መሆኗን ለሰብሳቢዋ ልነግር አሰብኩና በመሀል እነግራለሁ ብዬ ተውኩት። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሰናይት የሰው ኃይል ኃላፊ ናቸው፤ ትሑትና ጠንቃቃ ሴት። ሌላው ገምጋሚ የጭነት ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ለሁሉም የተዘጋጀው ጥያቄ አንድ ነው። አበባ ላኪ ነጋዴ መጥቶብሻል፤ አውሮፕላኑ ዘግይቶ አበባው ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ አነጋግሪው።

ሁለተኛው ተፈታኝ ጉሮሮውን ጠረገና የመጽሐፌን ዓረፍተ ነገር ቁጥር አሥራ አንድ አለ። ልጁን አላውቀውም፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን እንደ ልጄ አውቀዋለሁ። ኮሚዘሬት አለበት፣ ኤግዛስፐሬሽን አለበት፣ አሚሊዮሬት እና ፕሬዲካመንት አሉበት። በአማርኛ ቢመለስ፣ "ስለደረሰብዎ ምሬት የሐዘንዎ ተካፋይ ነኝ፤ የተከሰተውን አጣብቂኝ ለማሻሻል ጥረት እናደርጋለን" እንደማለት ነው። ነጋዴው አበባው እየጠወለገበት ይህን ይሰማል። አምስተኛዋ ቃል በቃል ደገመችው። የጭነት ክፍሉ ኃላፊ ፈገግ አለ። ሰባተኛው ሲለው ሳቀ። እኔ ወረቀቴን እያየሁ ነበር፤ ጆሮዬ ይግላል።

ዘሃራ ገባች። ስታየኝ ለአፍታ ቆም አለች፤ ደንግጣ ነው ብዬ ገመትኩ። ተቀመጠች፣ ጥያቄውን ሰማች፣ ቁጥር አሥራ አንድን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለችው። አንድም ስህተት አልነበረውም። ኃላፊው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

እሷ ስትወጣ ወይዘሮ ሰናይት በሩ እስኪዘጋ ጠበቁና፣ "ጥያቄው ወጥቷል" አሉ። "አራት ሰው አንድ መልስ ቃል በቃል ሊመልስ አይችልም። ተነጋግረው ነው የመጡት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ይሄ አባባል የተለመደ ነው?"

መጽሐፉ ከጠረጴዛው ሥር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ማሳየት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ልጆቹ አልኮረጁም፣ ያስተማርኳቸውን ነው ያሉት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይህን ለማለት ከባድ ቃል አያስፈልግም።

"የተለመደ አይደለም" አልኩ።

እውነት ነው፤ ሰው የሚናገረው ዓረፍተ ነገር አይደለም። ግን የተጠየቅኩት እሱን እንዳልሆነ አውቄ ነው የመለስኩት። የአራቱም ስም በቀይ ተሰረዘና በሌላ ጊዜም እንዳይቀርቡ የሚል ማስታወሻ ተጻፈበት። ቃለ ጉባኤው ላይ እኔም ፈረምኩ። ምክንያቴ የተወሳሰበ አይደለም። ፈራሁ። የጭነት ክፍሉ ኃላፊ ሲስቅበት የዋለው ዓረፍተ ነገር የእኔ መሆኑን እንዲያውቅ አልፈለግኩም።

ከሳምንት በኋላ ዘሃራ ትምህርት ቤት መጣች።

"ቲቸር፣ እርስዎ እዚያ ነበሩ። ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋሽም። ውድድሩ ከባድ ስለነበረ ነው" አልኳት።

"እሺ፣ ቲቸር" አለች። ስለለፋሁባት አመስግናኝ ሄደች። ያን ቀን ከሰዓት የነበረኝን ክፍል አላስተማርኩም፤ አሞኛል ብዬ ወጣሁ።

ነገሩን ያወጣሁት ለጋሽ ይልማ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ብዬህ ነበር እንዲሉኝ ጠብቄ ነበር፤ አላሉኝም።

"ለሴትዮዋ ነገርካት?" ብቻ አሉኝ።

"አልነገርኳትም።"

"ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ?"

በማግስቱ ወይዘሮ ሰናይት ቢሮ ሄጄ መጽሐፉን ቁጥር አሥራ አንድ ላይ ገልጬ ፊታቸው አስቀመጥኩ። አነበቡት። ሽፋኑን ዘግተው ስሜን አዩት። "ያኔ ስጠይቅዎትስ?" አሉኝ። "ዋሸሁ" አልኳቸው። ማስታወሻውን ከአራቱም ስም ላይ እንደሚያነሡት ነገሩኝ፤ ቦታዎቹ ግን ተሞልተዋል፣ የተቀጠሩትም ሥራ ጀምረዋል። ሦስቱ ልጆች ገና ወጣት ስለነበሩ በሚቀጥለው ዙር መወዳደር ይችላሉ። ዘሃራ ግን በሚቀጥለው ዙር ሃያ ዘጠኝ ይሆናታል። የዕድሜ ጣሪያውን ታልፋለች። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ ለግምገማ አልጠራኝም፤ ልክ ነው።

መጽሐፉን ከገበያ ለማውጣት ሞከርኩ። ፎቶ ኮፒ ቤቶቹን እየዞርኩ አታባዙ አልኩ። አንዱ፣ "ቲቸር፣ እኔ ብተወው ጎረቤቴ ያበዛዋል" ብሎ አዘነልኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አሁንም አያት አካባቢ በሌላ ሰው ስም፣ በሰማያዊ ሽፋን አይቼዋለሁ። ክፍል ውስጥ ወደ ካርዱ ተመለስኩ። ሦስት መስመር፣ በሦስት ወር መቶ ሃምሳ ቃል። አቶ ግርማ ባነሩን እየተከዙ አወረዱ፤ ተማሪ ቀነሰ፤ እኔም ወደ ጠባቡ ክፍል ተዛወርኩ። ጥሩ ዓመታት ነበሩ ማለት እችላለሁ። ጋሽ ይልማ በሞቱ ጊዜ ልጃቸው አንድ ሳጥን ሙሉ ካርድ ሰጠችኝ፤ ብዙዎቹ ሦስተኛ መስመራቸው ባዶ ነው።

ለዘሃራ ግን አልነገርኳትም። ለሰብሳቢዋ መናገር ቀሎኝ ነበር፤ እሳቸው እንደ ዘሃራ አያመሰግኑኝም ነበርና። ሰባት ዓመት እንዲሁ ሄደ። በላምበረት በኩል ማለፍ ሲኖርብኝ በሌላ መንገድ እዞር ነበር።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጧል። ዘሃራ ከኋላ ባለችው ክፍል ናት፤ አሁን የአውቶቡሶቹን ስምሪት የምትመራው እሷ ነች። ሁለት ስልክና ወፍራም መዝገብ ፊቷ ነበር። ስታየኝ ከወንበሯ ተነሣች። ፊቷ ሞላ ብሏል እንጂ ብዙ አልተለወጠችም። መናኸሪያው አጥር ሥር ካለች ሻይ ቤት ወስዳኝ ተቀመጥን።

አንድ በአንድ ነገርኳት። አራት ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር እንደተናገረ፣ ኮርጀዋል እንደተባለ፣ እኔ እንደተጠየቅኩና ምን ብዬ እንደመለስኩ፣ ስሟ በቀይ ሲሰረዝ እንደፈረምኩ። ቆይቼ መናገሬንም ነገርኳት፤ ግን እንዳልጠቀማት ሁለታችንም እናውቃለን። ብርጭቆዋን በጣቷ እያዞረች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር።

"እርስዎም ያላወቁት አለ፣ ቲቸር" አለችኝ። "እኔ ያንን ዓረፍተ ነገር ልል አልነበረም የሄድኩት። ማታውን አስቤበት ትቼዋለሁ። በራሴ አፍ እናገራለሁ ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት። አበባው ፀሐይ ላይ ነው ሲሉኝማ፣ እዚህ በቀን አሥሬ የምለው አይደል? መልሱ አፌ ላይ ነበር።"

"ታዲያ ምነው?"

"በሩን ከፍቼ ስገባ እርስዎ ተቀምጠዋል።" ቀና ብላ አየችኝ። "ሦስት ወር ለፍተውብኝ፣ እዚያ ሰዎቹ ፊት በላምበረት እንግሊዝኛ ልናገር? ምንድን ነው ያስተማራት ቢሉዎትስ?"

አንድ ሹፌር ከአጥሩ ማዶ ስሟን ጠራ። ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለችና እስክትመለስ ሻይዬን እንድጠጣ ነገረችኝ። በዚያ የቃለ መጠይቅ ክፍል ውስጥ እሷም እኔም የአንድ ሰው ስም እንዳይጎድፍ ስንጠብቅ ነበር፤ የእኔን። የከፈለችበት ግን እሷ ብቻ ናት።